ከመጨረሻዋ ጀልባ ወደ ኋላ ስንቆጥር፦ የአንድ ቤተሰብ የፈረስ ግልቢያ በግራንድ ኬይማን

ባለፈው ሐምሌ ስድስት ሆነን ከማያሚ የመዝናኛ መርከብ ተሳፈርን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ12፣ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም እናቴ። መርከቡ ከሚቆምባቸው ቦታዎች አንዷ ግራንድ ኬይማን ነበረች። እዚያ ለስምንት ሰዓት ይቆማል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በባሕሩ ዳርቻ ፈረስ ለመጋለብ ፈለግን።

ግልቢያው ራሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ዝግጅቱ ግን ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ወሰደብኝ። በመሀል አንዴ ከሥሩ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወዳጆቼ ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር "እንዴት አደረጋችሁት?" ይሉኛል። መልሱ በአንድ ሲኒ አያልቅም። ስለዚህ ከነስሕተቱ ልጻፈው።

እናቴ የአዊ ልጅ ናት፤ እንጅባራ አካባቢ ተወልዳ ያደገች። አባቴ በሕይወት ሳለ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነበር። የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር በየዓመቱ ጥር 23 ሲከበር ፈረሱን አስጊጦ ይወጣ ነበር። እማዬ አሜሪካ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። በእነዚህ ዓመታት አንድም ፈረስ ነክታ አታውቅም። ልጆቼ ደግሞ የሜሪላንድ ልጆች ናቸው፤ ፈረስ የሚያውቁት በስልክ ነው።

ስለ ጉዞው ስናወራ ትልቋ ልጄ ከደሴቷ የተነሳ ፎቶ ለአያቷ አሳየቻት። ውሃ ዳር የቆሙ ፈረሶች ናቸው። እማዬ ስልኩን ይዛ ቆየች። ከዚያ "ይሄ ዳማው እግሩ ጥሩ ነው" አለች፤ ቀላ ያለውን ፈረስ ማለቷ ነው። እኔ በዚያች ቃል ወሰንኩ።

እማዬ ግን መጋለብ አልፈለገችም። "ጉልበቴ እሺ አይለኝም። ባያቸው ይበቃኛል" አለችኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው የምፈልገው ነገር ግልጽ ነበር። የሚጋልበው ይጋልባል፤ የማይጋልበው ደግሞ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፈረሶቹን በቅርብ ማየት፣ መንካት መቻል አለበት።

ቦታው

ግራንድ ኬይማን ከኩባ በስተደቡብ ያለች፣ በእንግሊዝ ሥር የምትተዳደር ደሴት ናት። የምትታወቀው ሰቨን ማይል በሚባለው ነጭ አሸዋዋ ነው፤ ሲለካ ግን ሰባት ማይል አይሞላም። የፈረስ ግልቢያው ያለው ከዚያ አልፎ በሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ባርከርስ በሚባል ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ያለው የኮራል ሪፍ (ውሃ ሥር ያለ ድንጋያማ አጥር) ማዕበሉን ስለሚሰብረው፣ ውሃው ዳር ዳሩን ጥልቀት የለውም፤ ረጋ ያለ ነው። ልጅ ለያዘ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ደሴቷ ከአሸዋው በላይ መታወቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። የመንገደኞች መርከብ ተጠግቶ የሚቆምበት ቦታ የላትም። መርከቡ ከጆርጅ ታውን ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ ይቆማል፤ ሰው በትናንሽ ጀልባዎች ወደ ምድር ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ2025 "የመርከብ ማቆሚያ ይሠራ ወይ?" ተብሎ ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው አይሠራ አለ።

ይህ ለዕቅዳችን ሁለት ትርጉም ነበረው። አንደኛ፣ ባሕሩ ከተናወጠ ካፒቴኑ ደሴቷን ዘሎ ሊያልፍ ይችላል። ጉዟችን ደግሞ ከጁን እስከ ኖቬምበር በሚዘልቀው የአውሎ ነፋስ ወቅት ውስጥ ነው። ስለዚህ መርከቡ ካልቆመ ገንዘባችን እንደሚመለስ በጽሑፍ መያዝ ነበረብኝ። ሁለተኛ፣ መርከቡ የሚነሳበት ሰዓት ለእኛ ምንም አይሠራም። የእኛ ሰዓት የመጨረሻዋ ጀልባ ከምድር የምትለቅበት ነው።

ከመርከቡ እንግዛ ወይስ በራሳችን እንሂድ?

መርከቡ ራሱ የፈረስ ግልቢያ ይሸጣል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከመርከቡ የገዛችሁት ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃችኋል። በራሳችሁ ወጥታችሁ ከዘገያችሁ ግን ትቶ ይሄዳል፤ ቀጥሎ እስከሚቆምበት ቦታ በአውሮፕላን መከተል የእናንተ ዕዳ ነው። በመጀመሪያ ያሰብኩት ከመርከቡ መግዛት ነበር። አሁንም ቢሆን ልጆቹ ትልልቅ ለሆኑለት ቤተሰብ የምመክረው ያንኑ ነው።

እኛን ያስቸገረን የዕድሜው ገደብ ነው። በእኛ መርከብ ከ10 ዓመት በታች አይፈቀድም ነበር፤ ሁለቱ ትንንሾች ይቀራሉ። የማይጋልብ ሰውም አብሮ መሄድ አይችልም፤ እማዬም ትቀራለች። ከስድስታችን ሦስታችን መርከብ ላይ ቁጭ የምንልበትን ነገር የቤተሰብ ጉዞ ብዬ ልጠራው አልቻልኩም። በራሳችን ለመሄድ ወሰንን። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰዓቱ ጉዳይ የእኔ ኃላፊነት ሆነ።

ሰዓቱ

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ፤ ስሕተቱ ያለው እዚህ ነው። ሰዓቱን ሁሉ በሐበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መርከቡ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይደርሳል፤ 10 ሰዓት ላይ ይነሳል። የመጨረሻዋ ጀልባ 9 ሰዓት ላይ ከምድር ትለቃለች። ግልቢያውን የሚያዘጋጀው ፈረስ ቤት "ያለን ክፍት ቦታ እኩለ ቀን ላይ ነው" አለኝ፤ 6 ሰዓት ማለት ነው። ደመርኩት። ግልቢያው አንድ ሰዓት ተኩል፤ 7 ተኩል ላይ ያልቃል። ወደ ጀልባው ለመመለስ 40 ደቂቃ፤ 8 ሰዓት ከ10 ላይ እንደርሳለን። 50 ደቂቃ ይተርፈናል። በቂ ነው ብዬ ቀብድ ከፈልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለ ልጆቹ ጫማ ልጠይቅ ደወልኩ። የፈረስ ቤቱ ሴትዮ በወሬ መሀል "እናንተ ጋ አሁን ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። "እኛ ጋ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው" አለች።

ስልኩን ዘግቼ ወረቀቴን አወጣሁ። ኬይማን ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትነካም። የአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ግን በማርች አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋና እስከ ኖቬምበር እንደዚያው ይቆያል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ማያሚ ከደሴቷ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። አንዳንድ መርከብ በየደሴቱ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ አንዳንዱ ከተነሳበት ከተማ ሰዓት አይወጣም። የእኛው የማያሚን ይዞ እንደሚቆይ ጠይቄ በኢሜይል መልስ አገኘሁ።

እንግዲህ የመጨረሻዋ ጀልባ በመርከቡ 9 ሰዓት ስትል፣ በደሴቷ ገና 8 ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ በደሴቷ ሰዓት የምንደርሰው 8 ከ10 ላይ ነው። ይተርፈኛል ያልኩት 50 ደቂቃ የለም። ጀልባዋ ከሄደች ከ10 ደቂቃ በኋላ ነበር የምንደርሰው፤ ሦስት ልጆችና የ71 ዓመት እናት ይዤ። አሁንም ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

በቦታው ሆኜም በቀላሉ አልነቃበትም ነበር። ስልክ የደሴቷን ኔትወርክ ሲይዝ ሰዓቱን በራሱ ይቀይራል። የእጅ ሰዓት ግን የመርከቡን እንደያዘ ይቀራል። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ቆመው የተለያየ ሰዓት ያነባሉ።

እማዬ ጋ ደግሞ ሦስተኛ ሰዓት አለ። በኋላ የጠዋት ዙር ስናገኝ ልጄ "ናይን ላይ ነው የምንጋልበው" ስትላት እማዬ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት መሰላት። ያ ደግሞ ጀልባዋ የምትሄድበት ሰዓት ነው። ብዙ ሐበሻ ቤት አያትና የልጅ ልጅ በዚህ ይተላለፋሉ። ቤት ውስጥ ሲሆን ምሳ ይቀዘቅዛል፤ ባሕር ላይ ሲሆን ሰው ይቀራል። አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ መርከብ፣ ደሴት፣ ሐበሻ። እያንዳንዱን ነገር በሦስቱም ጻፍኩ። ሁሉም ሰው አንድ አንድ ኮፒ በኪሱ ያዘ።

ስሕተቴን ካየሁ በኋላ ከጠዋት ወደ ፊት መቁጠሬን ተውኩ። ከመጨረሻዋ ጀልባ ወደ ኋላ ጀመርኩ። በደሴቷ 8 ሰዓት ትሄዳለች። የጀልባ ሰልፍ አለ፣ የመኪና መጨናነቅ አለ፣ ልጅ ሽንት ቤት ይላል። ሁለት ሰዓት መጠባበቂያ ፈለግሁ። ስለዚህ 6 ሰዓት ላይ ወደቡ ጋ መሆን አለብን። 5 ሰዓት ከ20 ላይ ከፈረስ ቤቱ መውጣት። ግልቢያው ግፋ ቢል 3 ሰዓት ከ50 ላይ መጀመር አለበት። እንግዲህ እኩለ ቀን የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም። የጠዋቱ የ3 ሰዓት ዙር ተይዞ ስለነበር ተጠባባቂ ሆኜ ተመዘገብኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተለቀቀልን። ጠዋት መሆኑ ከሙቀቱም አዳነን።

ስለ ፈረሶቹ የጠየቅኩት

ፈረስ ቤቱ የሁላችንንም ክብደት ጠየቀ። ገደባቸው 220 ፓውንድ ነው፤ ወደ 100 ኪሎ። ባለቤቴ 228 ይመዝናል። "215 በያቸው፤ ማን ያውቃል?" አለኝ። እማዬ ከሳሎን ሰማችው።

"ልጄ፣ ፈረሱ ያውቃል" አለችው።

ትክክል ናት። በተለምዶ ፈረስ ከነኮርቻው ቢበዛ ይሸከም የሚባለው የራሱን ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። 500 ኪሎ ለሚሆን ፈረስ 100 ኪሎ ማለት ነው፤ ኮርቻው ብቻውን አሥር ኪሎና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። እግር በሚሰምጥበት አሸዋ ላይ፣ በሙቀት ሲሆን ደግሞ ሸክሙ ይብሳል። ባለቤቴ እውነተኛውን ቁጥር ነገራቸው፤ እንደማይጋልብም ተስማማ። ከእማዬ ጋር ሆኖ ፎቶ የሚያነሳው እሱ ሆነ። በኋላ ሳየው ይህ እድል ነበር። ጋላቢ ስልክ መያዝ አይፈቀድለትም፤ እሱ ባይኖር አንድም ጥሩ ፎቶ አይኖረንም።

የ6 ዓመቷ ልጄ ለብቻዋ መጋለብ አትችልም ተባለ፤ የሚፈቀደው ከ7 ጀምሮ ነው። ግቢ ውስጥ ግን አንድ ሠራተኛ ልጓሙን ይዞ ቀስ እያለ ያዞራታል። ይህን በጽሑፍ አስቀመጥን። ልጅን እዚያ አድርሶ "አንቺ አይፈቀድልሽም" ከማለት የከፋ ነገር የለም።

ሌሎቹ ጥያቄዎቼ አጫጭር ነበሩ። በልጅ ልክ የራስ ቁር አላችሁ ወይ? ለስንት ጋላቢ ስንት አስጎብኚ ይመደባል? ጥላ ያለው መቀመጫ አለ ወይ? እማዬ የጨመረችው ጥያቄ ግን ከሁሉም በለጠ፦ "አንድ ፈረስ በቀን ስንቴ ይወጣል?" በፊት የደወልኩለት ሌላ ፈረስ ቤት በዚህ ጥያቄ ስቆብኝ ነበር። እዚህኛው ሴትዮዋ ሳታመነታ "ቢበዛ ሁለቴ፤ በመሀል ኮርቻው ወርዶ ያርፋል" አለች። ፈረስ ቤቱን የመረጥኩት በዚህ መልስ ነው።

በካሪቢያን ብዙ ቦታ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጡ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ማስዋኘት አለ። ፎቶው ያምራል። ሁለት ጊዜ ብቻ ልምምድ ለሄደ የ9 ዓመት ልጅ ግን አይሆንም ብዬ ተውኩት። የተስማማነው ውሃው ከፈረሱ ጉልበት ሳያልፍ ዳር ዳሩን ለመሄድ ነው።

"ሁለት ጊዜ" ያልኩት ሜሪላንድ ውስጥ ቤታችን አቅራቢያ ያደረግነውን ልምምድ ነው። ከጉዞው በፊት ሁለቱን ትልልቅ ልጆች ለሁለት ቅዳሜ ወሰድኳቸው። ወንዱ ልጄ በመጀመሪያው ቀን እርካብ ላይ እግሩን አድርጎ ቀጥ አለ። አልወጣም አለ፤ አለቀሰ። በሁለተኛው ቀን ወጣ። ያ ለቅሶ ደሴቷ ላይ ቢሆን ቡድኑ ሁሉ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ጫማም የተማርነው እዚያ ነው። ትንሽ ተረከዝ ያለው ዝግ ጫማ ይሻላል፤ ተረከዝ የሌለው ጫማ በእርካቡ ውስጥ አሾልኮ እግርን ሊያስይዝ ይችላል።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ከአሜሪካ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ መርከብ ዜጋ የሆኑ ልጆች በልደት ሰርተፊኬት መሄድ ይችላሉ። መርከብ ቢያመልጥ ግን በአውሮፕላን ለመመለስ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ለሦስቱም አወጣን። እማዬ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያላት። ስለዚህ በየወደቡ ምን እንደሚጠየቅ ከመርከቡ ድርጅት በጽሑፍ መልስ አስመጣሁ። የጉዞ ኢንሹራንሳችንን ሳነበው ፈረስ ግልቢያን አይሸፍንም ነበር፤ ጥቂት ጨምሬ አስገባሁት። ይህችን መስመር ብዙ ሰው ሳያነባት ነው የሚፈርመው።

ቀኑ

ባሕሩ ትንሽ ይናወጥ ነበር። ጀልባዎቹ ዘግይተው ጀመሩ። ከመርከቡ ጉብኝት የገዙት ቀድመው ወረዱ፤ እኛ ቁጥር ይዘን ጠበቅን። በመርከቡ ሰዓት 3 ላይ ምድር እንረግጣለን ብዬ ነበር። የረገጥነው 3 ሰዓት ከ50 ላይ ነው፤ በደሴቷ 2 ሰዓት ከ50። የፈረስ ቤቱ ሾፌር 20 ደቂቃ ጠበቀን። መኪናው በግራ በኩል ሲሄድ ልጆቹ ጮኹ፤ እዚያ መንገዱ እንደ እንግሊዝ ነው።

እንደደረስን እማዬ ማንንም አልጠበቀችም። ወደ ጋጣው ሄደች። መጀመሪያ ፊት ለፊት ቆማ ዓይናቸውንና ጆሯቸውን አየች። ከዚያ እጇን በአንዱ አንገት ላይ አሳርፋ ወደ ጀርባው ወረደች፤ ኮርቻ የሚያርፍበትን ዳበሰች። ገጣባ እየፈለገች ነው። ሰኮናቸውን ጎንበስ ብላ አየች። የውሃ ገንዳውን አየች። ሴትዮዋ ከኋላ ቆማ ዝም ብላ ትመለከታታለች። ቋንቋ አይግባቡም። እማዬ ዞር ብላ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሴትዮዋ ትከሻዋን ያዘችና አቀፈቻት።

"ንጹሕ ናቸው። ተቀመጡባቸው" አለችን እማዬ።

ለእኔ አምባላይ ፈረስ ደረሰኝ። ለትልቋ ልጄ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ፤ ለወንዱ ልጄ ጸጥ ያለ ሽማግሌ ዳማ። በደሴቷ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ወጣን። መንገዱ በባሕሩ ዳርቻ ካሉ ዛፎች ሥር ይጀምርና ወደ አሸዋው ይወጣል። ማንም አልሮጠም፤ እርምጃ ብቻ ነው። ውሃው የፈረሶቹን ቁርጭምጭሚት ሲነካ ወንዱ ልጄ ጋማውን በሁለት እጁ ያዘ። ትንሽ ቆይቶ በአንድ እጁ ያዘ። ከዚያ ለቀቀው። አስጎብኚው አጠገቡ ነበር፤ እኔ ከኋላው። ስለ ባሕሩ ብዙ መናገር አልችልም። ያየሁት የልጄን ጀርባ ነው፤ ቀስ በቀስ ሲቃና።

ስንመለስ ትንሿ ግቢውን ስድስት ጊዜ ዞራ ነበር። እማዬ ስለ አባቴ ፈረስ እየነገረቻት አብራ ዞራለች። ጉልበቷን አላነሳችብኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

በደሴቷ ሰዓት 5 ከ50፣ በመርከቡ 6 ከ50 ላይ ወደቡ ጋ ደረስን። የመጨረሻዋ ጀልባ ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀራታል። የጠዋቱ መዘግየት ከመጠባበቂያችን በልቶ እንኳ ይህን ያህል ተረፈ። በድሮው ዕቅድ ብንሄድ ኖሮ በዚያው ሰዓት ገና ፈረስ ላይ መውጣታችን ነበር።

ሁለት ነገር እቀይር ነበር። የጀልባውን ቁጥር ለመውሰድ ቀድሜ እሰለፍ ነበር፤ 20 ደቂቃ ያተርፋል። ለልጆቹም ረጅም ሱሪ አስለብሳቸው ነበር። ቁምጣ ለብሰው የጭናቸው ውስጥ ተላጠ፤ የባሕር ጨው ሲነካው ደግሞ አቃጠላቸው።

የሦስት ዓምዱን ወረቀት ሰሞኑን ለጎረቤታችን ሰጠኋት። እነሱ የሚሄዱት በዲሴምበር ነው። ያኔ አሜሪካ ሰዓቷን ስለምትመልስ የማያሚና የደሴቷ ሰዓት አንድ ይሆናል። አንዱን ዓምድ በእስክሪብቶ ሰረዝኩላት። የሐበሻውን ተውኩት፤ አማቷ አብረው ይሄዳሉ።